ነገም ሌላ ቀን ነው፤ ግን የማን ነገ?

«ዛሬ ነገ ማለት» የሚለውን አነጋገር ወደ ዐረብኛ የሚመልስ ተርጓሚ ብዙ አይቸገርም። ዐረብኛው «ተስዊፍ» ይለዋል። የቃሉ መነሻ ሌላ ምንም ሳይሆን የሚመጣውን ጊዜ የምታመለክተው «ሰውፈ» የምትባል ትንሽ ቃል ናት። ሰውየው «ሰውፈ፣ ሰውፈ» አለ፤ «አደርጋለሁ፣ አደርጋለሁ» አለ፤ አላደረገም። አማርኛውም ያረፈው «ማለት» ላይ ነው። እንግሊዝኛው ከላቲን የወረሰው «ፕሮክራስቲኔሽን» ደግሞ «ክራስ»ን፣ ማለትም «ነገ»ን፣ በሆዱ ይዟል። ሦስቱም ስለ አንድ ሕመም እንደሚናገሩ ግልጽ ነው።

ይሁንና አንድ ልዩነት አለ፤ ለዚህ ጽሑፍ ዋናው ጉዳይም እርሱ ነው። እንግሊዝኛው ሥራውንና ሠሪውን ብቻ ያያል፤ ሰው ሥራውን ወደ ነገ ገፋው፣ አለቀ። አማርኛውና ዐረብኛው ግን ነገሩን እንደ ንግግር ያዩታል። ንግግር ደግሞ ሰሚ አለው። «ዛሬ ነገ እያለ አመላለሰኝ» ስንል ከበሩ ውጭ የቆመ ሰው አለ፤ ገንዘቡን ያበደረ፣ ጨርቁን ለልብስ ሰፊ የሰጠ፣ ለአንዲት ማኅተም ከቢሮ ቢሮ የሚንከራተት። በአማርኛ ዛሬ ነገ ማለት በሁለት ሰዎች መካከል የሚፈጸም ነገር ነው።

ይህን ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ባለፉት ሃያና ሃያ አምስት ዓመታት የአማርኛን የመጻሕፍት ገበያ ካጥለቀለቁት መካከል የስኬት መጻሕፍት የሚባሉት ይገኙበታል። አብዛኞቹ ከእንግሊዝኛ የተመለሱ ወይም የተቀዱ ናቸው። እዚህ ካርቱምም በመንገደኛ ሻንጣ እየመጡ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞሩ ኖረዋል። ቃሉን አንዱ «ስንፍና»፣ ሌላው «ዳተኝነት» እያለ ይመልሰዋል፤ ሁለቱም አይመጥኑትም። ሰነፍ ሥራውን አይፈልገውም። ዛሬ ነገ ባይ ግን ይፈልገዋል፤ እንዲያውም አብዝቶ ከመፈለጉ የተነሣ ይፈራዋል። መድኃኒቱ ላይ መጻሕፍቱ ሁሉ ይስማማሉ፦ ትልቁን ግብ በትንንሹ ቁረጠው፣ አንዱን ቁራጭ ዛሬ ሥራ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ተረታችንም ለዚህ ምክር ምስክርነት ይጠራል። (እንቁላሉ በእግሩ የሄደው ሃያ አንድ ቀን የታቀፈችው ዶሮ ስለነበረች ነው። ተረቱ እሷን ዘሏታል፤ መጻሕፍቱም እንደዚያው።)

ምክሩን ለማናናቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1981 አልበርት ባንዱራና ዴል ሹንክ የተባሉ የሥነ ልቦና ሊቃውንት በሒሳብ ደካማ የሆኑ ሕፃናትን ሰብስበው 42 ገጽ የመቀነስ ልምምድ ሰጧቸው። ለአንዱ ቡድን በእያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ 6 ገጽ ለመጨረስ እንዲያስብ ተነገረው። ለሁለተኛው በ7ኛው ክፍለ ጊዜ ማብቂያ 42ቱንም እንዲጨርስ ተነገረው። ለሦስተኛው ምንም ግብ አልተሰጠውም። ስድስት ስድስት ገጽ የያዙት ልጆች ሁሉንም በለጡ፤ በራሳቸው መተማመንም ጀመሩ። የሚያስገርመው የሁለተኛው ቡድን ነው፤ የሩቁ ግብ የተሰጣቸው ልጆች ምንም ግብ ካልተሰጣቸው ይህ ነው የሚባል ብልጫ አላሳዩም። ሩቅ ግብ ለብቻው ሲቆም ከምንም የማይሻልበት ጊዜ አለ ማለት ነው።

ስለዚህ መቁረጡ ይሠራል። የኔ ጥያቄ መቁረጡ ብቻውን ይበቃል ወይ? የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ውስጥ ከነቢይ መኮንን ትርጉም የሚበልጥ ማስረጃ አላውቅም።

ታሪኩን ብዙ አንባቢ ሰምቶታል። ነቢይ በደርግ ዘመን በፖለቲካ ታስሮ ሳለ የማርጋሬት ሚቸልን «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» ወደ አማርኛ መለሰ። ወረቀት ስላልነበረ የጻፈው በሲጋራ ፓኬት ወረቀት ላይ ነው። ቁራጮቹ ወደ 3,000 ገደማ ደረሱ። ከእስር የሚፈቱ ባልንጀሮቹ እየሸሸጉ አወጡለት። እሱ ራሱ ከተፈታ በኋላም ከየሰዉ እጅ ማሰባሰቡ ሌላ ረጅም ሥራ ሆነበት። መጽሐፉ «ነገም ሌላ ቀን ነው» በሚል ርእስ ታትሞ ለአንባቢ ደረሰ። ነቢይ ከዚያ በኋላ በግጥሙ፣ በተውኔቱና በአዲስ አድማስ ጋዜጣ አዘጋጅነቱ ታውቋል። አሁን በሕይወት የለም፤ የሲጋራ ወረቀቱ ነገር ግን ስሙ በተነሣ ቁጥር አብሮ ይነሣል።

እስቲ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። የልቦለዱ የመጀመሪያ የእንግሊዝኛ እትም፣ እ.ኤ.አ. በ1936 የወጣው፣ 1,037 ገጽ ነው፤ ከ400,000 በላይ ቃላት። ለ3,000 ስናካፍለው ለአንድ ቁራጭ የሚደርሰው የገጽ ሲሶ ግድም፣ ወደ 140 የእንግሊዝኛ ቃላት ነው። አንድ አንቀጽ መሆኑ ነው። የስኬት መጻሕፍት ጸሐፊ ይህን ስሌት ቢያገኝ ደስታውን አይችለውም፦ «አያችሁ! አንድ ሺህ ገጽ አያስፈራችሁ፤ በቀን አንድ አንቀጽ!»

ነገር ግን ልብ ብለን እንየው። ነቢይ ሥራውን በትንንሽ ቁራጭ የከፋፈለው ስልት ነድፎ አይደለም፤ ወረቀቱ ነው የቆረጠለት። ይህ ትንሽ ልዩነት አይደለም። ነጻ ሰው ለራሱ ያወጣውን ልክ ራሱ ይሽረዋል። ዛሬ አንድ አንቀጽ ያለ ሰው ዛሬን ዘሎ ነገ ሁለት እሠራለሁ ሊል ይችላል፤ ልኩም ሻሪውም እሱ ነውና። የሲጋራ ወረቀት ግን ድርድር አይቀበልም። ጠርዙ ላይ ሲደረስ ያልቃል፤ ቀጣዩ እስኪገኝ ይጠበቃል። ወረቀቱን የሚያስገኘው ደግሞ ያጨሰው ሰው ነው። አንዱ ባልንጀራ ሲጋራውን ካልጨረሰ ሌላው አንቀጹን አይጀምርም።

ከዚህ ቀጥሎ አድማጩ አለ። እስር ቤት ውስጥ የተገኘው መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ነው፤ እንግሊዝኛ እንደ ልቡ የማያነብ እስረኛ ደግሞ በዙሪያው ነው። ተረት በምሽት ሲጀመርለት ያደገ ሰው፣ ታሪኩ ከመሐል ሲቆረጥበት ምን እንደሚያደርግ ሁላችንም እናውቃለን። «ከዚያስ?» ይላል። ይህች «ከዚያስ?» የስኬት መጻሕፍት ከሚያዝዙት የጊዜ ሰሌዳ ሁሉ ትበልጣለች ብል አላጋነንሁም። በኋላ ዘመን ነቢይ ባዘጋጀው ጋዜጣ ርዕሰ አንቀጹ በተረት የመጀመር ልማድ ነበረው፤ ደረቅ ፖለቲካ ለማንበብ የከበደው ሰው እንኳ ለተረቱ ሲል ይገባበት ነበር። አድማጭን ማስጠበቅ ምን እንደሚያስገኝ የሚያውቅ ሰው ቤት መሆኑ ይታወቃል።

ከሁሉ የሚልቀው ግን የተሸካሚዎቹ ነገር ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ» የምንለው ተረት ከእንቁላሉ ይልቅ ለዚህ ታሪክ ይስማማል። ሥራው የተከፋፈለው በቀናት ላይ ብቻ አልነበረም፤ በሰዎችም ላይ ነው። ሊፈታ የተጠራ እስረኛ ነጻነቱ በር ላይ ሆኖ የሰው ወረቀት በኪሱ ይዞ ወጣ። ቢፈተሽና ቢያዝ የሚያገኘውን መገመት አያስቸግርም። ያ ሰው ስካርሌት ኦሃራ ማንን አገባች የሚለውን ለማወቅ ብቻ ይህን አላደረገም። ወጥቶም አልጣለውም፤ ባለቤቱ መጥቶ እስኪጠይቀው አስቀመጠው። ስለዚህ ትርጉም በተወራ ቁጥር የምንሰማው የተርጓሚው ጽናት ነው፤ ይገባዋልም። በኔ ሚዛን ግን ያንን ቁራጭ ዓመት አልፎ ዓመት በቤቱ ያኖረው ሰው ጽናት ከዚያ አያንስም።

እንደ ተርጓሚ ደግሞ ሌላ ነገር ያሳስበኛል። ቁራጭ ሥራ ዋጋ አለው፤ ያስከፍላል። ትናንት የተጻፈው ወረቀት ዛሬ ከእጅ ከወጣ ተርጓሚው ወደ ኋላ ተመልሶ ማየት አይችልም። እንግሊዝኛው ሰውን ሁሉ በአንዲት «ዩ» ይጠራል፤ አማርኛ ግን «አንተ»፣ «አንቺ»፣ «እርስዎ»፣ «እናንተ» ብሎ መምረጥ ግድ ይለዋል። ስካርሌት ሬት በትለርን «እርስዎ» ማለት ትታ «አንተ» የምትለው ከየትኛው ምሽት ጀምሮ ነው? ያሳደገቻትን ጥቁር ሞግዚት፣ በሕግ የቤተሰቧ ንብረት የሆነችውን፣ በልማድ ግን የምትቆጣትንና የምታዝዛትን፣ በምን ትጠራታለች? ሞግዚቷስ እሷን? እነዚህ አንድ ጊዜ ተወስነው እስከ መጨረሻው የሚያዙ ውሳኔዎች ናቸው። አንድ አንቀጽ ብቻ ፊቱ የተቀመጠለት ተርጓሚ መጽሐፉን በሙሉ በጭንቅላቱ መያዝ አለበት። የስኬት መጻሕፍት «ስለ ትልቁ አታስብ፣ ስለ ቁራጩ ብቻ አስብ» ይላሉ። ይህ ለመቀነስ ልምምድ ይሠራል፤ እያንዳንዱ ጥያቄ ለብቻው የቆመ ነውና። ለልቦለድ ግን አይሠራም፤ ለቤት ሥራም፣ ለትዳርም የሚሠራ አይመስለኝም።

የዋናዋ ደራሲ የአሠራር ታሪክም ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ብዙ ያስተምራል። ማርጋሬት ሚቸል መጻፍ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1926 ግድም የእግሯ ቁርጭምጭሚት ታሞ ቤት በዋለችበት ጊዜ ነው። የመጨረሻውን ምዕራፍ መጀመሪያ ጻፈችው። ከዚያ በኋላ እንደ መጣላት እየጻፈች እያንዳንዱን ምዕራፍ በየፖስታው ታሽገው ጀመር። ለምክሩ ታዛዥ ነበረች ማለት ነው፤ በትንሽ በትንሹ ሠርታለች። ሆኖም ዓመታት አለፉ፤ ፖስታዎቹ በቤቷ ተበታትነው ቀሩ፤ መጽሐፍ ግን የለም። የመጀመሪያው ምዕራፍ እንኳ በወጉ አላለቀም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1935 የማክሚላን አሳታሚ ሰው የሆነው ሃሮልድ ሌተም አትላንታ ድረስ መጥቶ ሲጠይቃት በመጀመሪያ ምንም የለኝም አለችው። በኋላ ሐሳቧን ለውጣ ክምሩን ወዳረፈበት ሆቴል ወሰደችለት። ብዛቱን ሲያይ መያዣ ሻንጣ መግዛት ነበረበት። እሷም ወዲያው ተጸጽታ ይመለስልኝ ብላ ቴሌግራም ላከችለት፤ እሱ ግን በባቡር ላይ ማንበብ ጀምሮ ነበር። አልመለሰውም። በማግስቱ ዓመት መጽሐፉ ወጣ፤ በ1937 የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ።

ወደ አሥር ዓመት የሚጠጋ ቁራጭ ሥራ በአንድ ጠያቂ ሰው መጽሐፍ ሆነ። ሌተም ባይመጣ ኖሮ ፖስታዎቹ ምን ይሆኑ ነበር ብሎ መጠየቅ ይቻላል።

በራሱ ቁጥጥር ብቻ ሠርቷል ተብሎ በምሳሌነት የሚጠቀሰው እንግሊዛዊው አንቶኒ ትሮሎፕ እንኳ ከዚህ አያመልጥም። የፖስታ ቤት ሥራውን ሳይለቅ ሰዓቱን ከፊቱ አስቀምጦ በየሩብ ሰዓቱ 250 ቃላት ይጽፍ እንደነበር እ.ኤ.አ. በ1883 በታተመው የሕይወት ታሪኩ ተርኳል። ይህ ቁጥር ተደጋግሞ ይጠቀሳል። እዚያው መጽሐፍ ላይ ግን በዓመት 5 ፓውንድ ጭማሪ እየተከፈለው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ቡና ይዞ የሚቀሰቅሰው አሽከር እንደነበረ፣ ለስኬቱም ከማንም ይልቅ ባለዕዳነቱ ለዚያ ሰው እንደሆነ ጽፏል። ሰዓቱን ሁሉ ሰው ያስታውሳል፤ ባለ ቡናውን ማን ያነሣዋል?

አሁን ወደ ርእሱ እንመለስ፤ ከጠቅላላው ሥራ በጣም የምወደው ይህንኑ ርእስ ነውና። «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» የሚለው ስያሜ ከኧርነስት ዳውሰን ግጥም የተወሰደ ነው፤ «ከነፋስ ጋር ሄደ» ቢባል በአማርኛ ቀዝቃዛ ይሆናል። ነቢይ እሱን ትቶ ልቦለዱ የሚዘጋበትን ሐሳብ ወሰደ። በዚህም ሳያስበው ይሁን አስቦት፣ ደራሲዋ ራሷ መጀመሪያ ለመጽሐፏ አስባው የነበረውንና በኋላ የጣለችውን ርእስ መለሰላት።

ግን መልሶ ብቻ አላበቃም፤ አንዲት ፊደል ጨመረበት። እንግሊዝኛው «ነገ ሌላ ቀን ነው» ይላል። አማርኛው «ነገም» ነው ያለው። «ነገ ሌላ ቀን ነው» ብንል ዛሬንና ነገን እንለያያለን፤ ዛሬ ክፉ ነው፣ ነገ ይለያል። ይህ የተስፈኛም የዛሬ ነገ ባይም ቋንቋ ነው። «ነገም ሌላ ቀን ነው» ስንል ግን «ም» ዛሬን ይዛ ትመጣለች። ዛሬም ሌላ ቀን ነበር፤ ከትናንት የተለየ፣ የራሱ የሆነ፤ ነገም እንዲሁ። ቀኖቹ እንደ ሲጋራ ወረቀቶቹ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። ዛሬ ነገ ባይ ከዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የሚጥላት ይህችኑ «ም» ነው።

ለዚያም ላይ «ሌላ ቀን» የሚለው ሐረግ በአማርኛ ሁለት መልክ አለው። ደጃችን ለቆመ ለማኝ «ሌላ ቀን» እንላለን፤ ዕዳ ጠያቂውንም እንዲሁ። ዛሬ የለም፣ ሂድ ማለት ነው። በሌላ በኩል «ቀን» በአማርኛ ዕድልም ነው፣ ዘመንም ነው፤ ቀን ይጎድላል፣ ቀን ይወጣል፣ ቀን ይከፋል። እስር ቤት ውስጥ «ሌላ ቀን» ያለ ሰው ስለ ማግስቱ ብቻ እንዳልተናገረ ሰሚዎቹ ሳይነገራቸው ይረዱታል። እንግሊዝኛው ይህን ሁሉ አይሸከምም። ርእሱ በትርጉም ያተረፈ ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ ብዙ ጊዜ አይገጥምም።

ስካርሌት ኦሃራ ራሷ የዛሬ ነገ ባዮች ቅድስት ተደርጋ ትወሰዳለች፤ የከበዳትን ሁሉ ነገ አስበዋለሁ እያለች ስለምትሻገር። እኔ ይህን ንባብ አልቀበለውም። ልቦለዱን ልብ ብሎ የተከታተለ ሰው የምታየው ሴት ሥራን ለነገ አታሳድርም። ጦርነቱ ቤቷን ባዶ ካስቀረው በኋላ ጥጥ በእጇ ትለቅማለች፤ ከመጋረጃ ቀሚስ ታሰፋለች፤ የእንጨት መሰንጠቂያ ገዝታ ትነግዳለች። ለነገ የምታሳድረው ሐሳቡን ነው፤ ሐዘኑን፣ ጸጸቱን፣ የፍቅሯን ነገር። እኛ ተራ ሰዎች የምናደርገው ተቃራኒውን ነው፤ ጥጡን ለነገ አሳድረን ሐዘኑን ዛሬ ስንለቅም እንውላለን።

ይህን ስል መጽሐፏን ከነክፋቷ እያመሰገንሁ አይደለም። ሚቸል ባርነትን በናፍቆት ነው የምትስለው፤ ያንን ናፍቆት ዛሬ በየዋህነት የሚያነብ ሰው ያለ አይመስለኝም። ከስካርሌት ትጋት በስተጀርባም የሌሎች እጅ አለ። መሰንጠቂያዋን በርካሽ የምታሠራው ከመንግሥት በተከራየቻቸው እስረኞች ነው፤ በረኃብና በዱላ የሚሠሩ እስረኞች። ይህን ክፍል አንድ የፖለቲካ እስረኛ በሲጋራ ወረቀት ላይ ወደ አማርኛ ሲመልሰው ማሰብ ለብቻው አንድ ጽሑፍ ይወጣዋል።

እዚህ ላይ አንባቢ ሊያቀርብ የሚችለው ተቃውሞ ይታየኛል። እስር ቤት ምሳሌ ይሆናል ወይ? አይሆንም። ዛሬ ነገ ለማለት ነገ ያለው ሰው መሆን ያስፈልጋል። በቀይ ሽብር ዘመን በሌሊት ስሙ ሊጠራ የሚችል ሰው ነገን እንደ እኛ አይመነዝራትም። የእስረኛን ሥራ ወስዶ «እሱ እዚያ ሆኖ ይህን ከሠራ አንተ በነጻነትህ ምን ያቅትሃል?» ማለት ጭካኔ ነው፤ ስሕተትም ነው። ነጻነት ነው እኮ የሚያቅተው! ሥራው ያልተገታ፣ ወረቀቱ ያላለቀበት፣ የሚጠይቀው የሌለ ሰው ነው ዓመቱን ሲያጉላላ የሚያልፈው። ከእስሩ የምንወስደው ነገር ካለ የተማረው ጽናት ሳይሆን የሥራው አደረጃጀት ነው፦ ጠርዝ ያለው ወረቀት፣ የሚጠብቅ አድማጭ፣ የሚያሳልፍ እጅ፣ በመጨረሻም የሚሰበስብ።

የመጨረሻው ቸል ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2006 አየለት ፊሽባክና ባልደረቦቿ ባሳተሙት ጥናት ንዑስ ግብን ማሳካት ሰውን ሁልጊዜ ወደ ዋናው ግብ እንደማይገፋ፣ ሰውየው ባከናወነው ላይ ካተኮረ እንዲያውም እንደሚያዘናጋው አሳይተዋል። ቁራጩ ራሱ ያጠግባል። ሦስት ሺህ ቁራጭ ጽፎ የማይሰበስብ ሰው ሦስት ሺህ ጊዜ ረክቶ ባዶ እጁን ይቀራል።

ይህ ሁሉ ካርቱም ለኖርነው ሰዎች ምን ይሆናል? የውጭ ሰዎች በሱዳን «ቡክራ» እና «ኢንሻኣላህ» ላይ ሲቀልዱ ኖረዋል። የሀበሻው «ነገ» ግን ከዚያ የከበደ ነው። በዲየም፣ በጀሬፍና በሰሓፋ ስሙ «ፕሮሰስ» ይባላል። ዐረብኛ መማር? ፕሮሰሱ ካላለቀ ምን ያደርጋል፤ እንሄዳለን። ሙያ መጀመር? እዚያ ስንደርስ። እዚህ መንገደኛ ነን። እንዲህ ሲል ልጁ ዩኒቨርሲቲ የደረሰበት ሰው አለ። ከዚያ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም ጦርነቱ መጣ፤ ሰዉ ወደ ገዳሪፍ፣ ወደ ፖርት ሱዳን፣ ወደ መተማ፣ ወደ ካይሮ ተበተነ፤ ስንት ዓመት የተጠበቀች ነገ በአንድ ሳምንት ፈረሰች። ለዚህ ሰው ስንፍና የሚል ስም መስጠት ነውር ነው። ቀኑን ሙሉ ሲለፋ የሚውል ሰው ነው። ለነገ ያሳደረው የራሱን ሕይወት ነበር፤ ያሳደረውም የሚጠይቀው ሰው ባለመኖሩ ጭምር ነው።

በእኛ ሙያ ይህ በጉልህ ይታያል። የልደት ምስክር ወረቀት፣ የጋብቻ ውል፣ የፍርድ ቤት ወረቀት ለማስመለስ የመጣ ሰው ከፊት ቆሞ ስለሚጠብቅ ሥራው ከዕለቱ አያልፍም። አንድ ልቦለድ ለመመለስ የተመኘ ተርጓሚ ግን ዓመት ያልፈዋል፤ ፊቱ የቆመ የለማ! ችሎታው ያው ነው፣ እጁም ያው ነው።

ለምሳሌ የጠይብ ሷሊሕን «መውሲም አል-ሂጅራ ኢላ አሽ-ሸማል» እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1966 የወጣ፣ ከ200 ገጽ የማያልፍ፣ ከሁሉም በላይ ዓባይ የሚፈስበት መጽሐፍ ነው፤ ዐረብኛና አማርኛ አቀላጥፈው የሚያነቡ ሰዎች ከምንጩ ሊመልሱት ይገባል። በነቢይ ልክ፣ በቀን የገጽ ሲሶ ቢሠራ፣ ለአንድ ሰው 600 ቀን ይፈጃል። ዐሥር ሰው ቢካፈለው ሁለት ወር። ዐሥሩ ዛሬ በዐሥር ከተማ ቢሆኑም ስልክ አለ፤ ከእስር የሚፈታ ሰው መጠበቅ አያስፈልግም።

ግን ዐሥር ሰው ዐሥር አማርኛ ይጽፋል። አንዱ ሙስጠፋ ሰዒድን «እርሱ» ሲል ሌላው «እሳቸው» ይላል፤ አንዱ «ዑምዳ»ን እንዳለ ሲተወው ሌላው «ጭቃ ሹም» ያደርገዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ገጽ ከመጀመሩ በፊት የቃላቱንና የአጠራሩን መዝገብ የሚይዝ፣ ቁራጮቹን በየሳምንቱ የሚቀበልና ሲዘገዩ የሚጠይቅ አንድ ሰው መመረጥ አለበት። እሱ አንድም መስመር ባይተረጉም ግድ የለም።